የባለ ቀለበቷ ሃያ ቀናት

መምህር ገብረየስ የተገኙት በጥናት ክፍላቸው፣ ወንበራቸው ላይ ወደፊት ተደፍተው ነው። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርኑ ድረስ የመስታወት ገንዳው ውስጥ ገብቷል። ዓይናቸው ክፍት ነበር። በገንዳው ጥግ፣ የተጋደመች የቡና ሲኒ ውስጥ፣ ከሎሚ የማትበልጥ ቡናማ ፍጥረት ስምንት ክንዶቿን አጥፋ ተቀምጣለች። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው የሚያየው ሟቹን ሳይሆን እሷን ነበር።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ጥር አሥራ አምስት ቀን ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው። ኢንስፔክተር ሐዳሳ ስትጠራ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ ቁርሷን እንኳ በወጉ አልቀመሰችም። ስትደርስ ሳጅን ተፈራ ማስታወሻውን አጥፎ ኪሱ ከቶታል።

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አላት። «ይቺ ኦክቶፐስ ነድፋቸው ነው። መርዘኛ ናት አሉ። ሠራተኛዋን ይዘናታል።»

«እንስሳዋ ነድፋ ሠራተኛዋ ትያዛለች?»

«ሥራዋ ነበራ። አዛውንቱ ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ከውስጥ ይወለውላሉ። ከዚያ በፊት ሠራተኛዋ ሲኒዋን ከነእንስሳዋ በጭልፋ አውጥታ፣ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች። ዛሬ አልከተተችም። ብልቃጡ ያውልዎት፣ ደረቅ ነው።»

«ረስታ ይሆናላ።»

«በወሩ መጨረሻ ትወጫለሽ ተብላለች። የልጇ ልቅሶ ቤቱን በጠበጠ ተብሎ። ቂም አላት።»

ሐዳሳ ወደ ሟቹ ጎንበስ አለች። የነጭ ሸሚዛቸው እጅጌ እስከ ክርኑ ርሷል፤ የእጅጌው ቁልፍ ግን እንደተቆለፈ ነው። ነጭ ጢማቸው ላይ ቀይ ነገር ተለጥፏል። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣ። ዳጣ ነው። የእጃቸው ጣቶች ጫፍ ጫፋቸው የተሰነጣጠቀ ነበር፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ደም የቋጠረ።

ከዚያ ገንዳውን አየች። መስታወቱ ከውስጥ በኩል ቀጭን አረንጓዴ ለብሷል። በስተቀኝ ብቻ መዳፍ የምታክል ስፍራ ተጠርጋ ታበራለች። ስፖንጁ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

«በየቀኑ የሚወለወል መስታወት ይኼ ነው?» አለች።

ሳጅን ተፈራ ትከሻውን ነቀነቀ። ለእሱ መስታወት መስታወት ነው።

ጓሮው ውስጥ፣ ከአቮካዶው ዛፍ አጠገብ፣ ሠራተኛዋ ፈትያ የዘጠኝ ወር ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ልጁ ኮፍያ አላደረገም፤ ፀሐዩ ደግሞ አናቱ ላይ ነው። ሐዳሳ ፖሊሶቹን ወደ ዛፉ ጥላ አስጠጉልኝ ብላ ከፊቷ ቁጢጥ አለች።

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ጤና ጣቢያ። ልጄን ጠሀን የኩፍኝ ክትባት ላስከትብ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ፣ አራት ሰዓት ላይ ስመለስ ጋሼ እንደዚያ ሆነው አገኘኋቸው።» ማኅተም ያለበትን ካርድ አሳየቻት። «እትዬ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፣ ዛሬ ቂርቆስ ነው። ጮህኩ። ከዚያ ሰው መጣ።»

«ስትወጪ ሲኒዋን ወደ ብልቃጡ አዛውረሻል?»

«አላዛወርኩም።»

ከፖሊሶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ፈትያ አየችው፤ ፈራች፤ ግን ቀጠለች።

«ከዛሬ ሃያ ቀን ወዲህ ነክቻት አላውቅም። እንቁላል ጥላለች። ጋሼ ‹ፈትያ፣ እንግዲህ አራስ ናት፣ እንዳትነኪያት› ብለውኛል። እሳቸውም እጃቸውን አስገብተው አያውቁም። እንቁላሉን በክንዷ ሥር ሸሽጋ ነው የምትይዘው፣ ከላይ ለሚያያት አይታይም። ምግብ ስንሰጣት እንኳ አትበላም። ‹እስኪፈለፈሉ ትጾማለች፣ ከዚያ ትሞታለች› አሉኝ። አለቀስኩ፤ ሳቁብኝ።»

«ይኼን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ደብተሩ ላይ ጽፈውታል። ሰባተኛው ደብተር ላይ።»

ሐዳሳ ወደ ጥናት ክፍሉ ተመለሰች። መደርደሪያው ላይ ባለ ሃምሳ ገጽ የተማሪ ደብተሮች ተደርድረዋል፤ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሰባተኛው የለም።

ሳሎን ውስጥ የሟቹ እህት ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይንሰቀሰቃሉ። አጠገባቸው አንድ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ወጣት ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ይዟል። ማቴዎስ ይባላል፤ የባዮሎጂ መምህር ነው። እናትና አባቱ ሲሞቱበት መምህር ገብረየስና እህታቸው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አሳድገውታል።

«ማቲ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አሉ ሴትዮዋ።

«እትዬ፣ ፈትያ በየቀኑ ሲኒዋን ታዛውር ነበር?»

«ዓመት ሙሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን አሁን ክፍሉ አልገባም፣ ያቺ ነገር ትቀፈኛለች። ግን ሥራዋ ነው። ለሳጅኑም ይኼንኑ ብያለሁ፣ ፈርሜያለሁ።»

ማቴዎስ ዓይኑን ጠርጎ ተነሣ። «እኔ አስጠንቅቄያቸው ነበር፣ ኢንስፔክተር። እዚህ አገር የማትታወቅ ፍጥረት ናት። ስትረጋጋ እንደሚያዩዋት አፈር ትመስላለች፤ ስትቆጣ ሰውነቷ ላይ ሰማያዊ ቀለበቶች ይበራሉ። ንክሻዋ አያምም። ሰውየው መነከሱን ሳያውቅ ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ ትንፋሹ። መድኃኒት የለውም።»

«መስታወቱን በየስንት ጊዜ ነበር የሚያጸዱት?»

«በየጠዋቱ፣ ሳያስታጉሉ። ዛሬም ሲያጸዱ ነው የነከሰቻቸው።»

«እርስዎ መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«እሑድ። አሁን የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነው፤ ዛሬ እትዬ ስልክ ደውለው ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀሱኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈትያን ብዙ አትጫኗት። ልጅ አላት። ቸልተኝነት ነው እንጂ ክፋት አይመስለኝም።»

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ይህን ሲሰሙ የበለጠ አለቀሱ። ለጠላቱ የሚያዝን ልጅ ማሳደጋቸው ነው ያስለቀሳቸው።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ለፖሊስ ሰባት ቀን ፈቀደ። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ክስ ይመሠረትና ፈትያ ወደ ማረሚያ ቤት ትሄዳለች። ባሏ ሞያሌ መኪና ይዞ እንደወጣ ወሬው ከጠፋ ግማሽ ዓመት አልፎታል። ልጁን የሚቀበላት አልነበረም፤ ስለዚህ ጠሀም ሲሚንቶው ላይ አብሯት ታሰረ። በሦስተኛው ቀን ማሳል ጀመረ። ሐዳሳ ከቤቷ ብርድ ልብስ አምጥታ ሰጠቻት፤ ሐኪምም አስጠራችለት። ከዚያ በላይ በሕግ አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ቸኮለች።

የሆስፒታሉ ሐኪም አስከሬኑን መርምሮ ነበር። «የንክሻ ምልክት አላገኘሁም» አላት። «ትንሽ ስለሆነ ላይታይ ይችላል። ይህን መርዝ የሚለይ ላቦራቶሪ እኛ ዘንድ የለም። ሆዳቸው ውስጥ ጥሬ ዓሣ አለ፣ ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብለው የበሉት። ጥፍራቸው ሥር ተመልከት ባልሽኝ መሠረት አይቻለሁ፣ በሁለቱም እጃቸው፤ ዳጣ የለም። ቢኖር ደግሞ ውሃ ብቻውን ከጥፍር ሥር አያወጣውም።»

ከሐኪሙ ወጥታ ወደ ፒያሳ ሄደች። አቶ ሱሌይማን እዚያ ካፌ አለው፤ የሟቹ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ሲጯጯሁ የሰማ ጎረቤት አለ። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ገና ሳትጠይቀው ላብ አጠመቀው።

«እኔ ነኝ ያመጣኋት» አላት። «ለካፌዬ ጌጥ ዓሣ አዝዤ ነበር። ከሩቅ ምሥራቅ ጅቡቲ በአውሮፕላን ገባ፣ ከዚያ በመኪና። ሳጥኑን ስከፍተው በአንዱ ላስቲክ ውስጥ ሁለት የማላውቃቸው ነገሮች። አስተናጋጆቼ ሊጥሏቸው ሲሉ ገብሬን ጠራሁት። ሲያያቸው እንደ ሕፃን ሆነ። ‹ሱሌይማን፣ ጣትህን እንዳታስገባ› አለኝ፤ አንዷ ሴት አንዱ ወንድ መሆናቸውን ለይቶ ይዟቸው ሄደ። የባሕሩን ውሃ በጀሪካን የማስመጣለት እኔ ነኝ። ገዳዩ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ምን አጣላችሁ?»

«እሱማ…» አንገቱን ደፋ። «እዚህ ተቀምጦ ‹ያሳደጉት ልጅ ሲሰርቅ ይከሰሳል ወይስ ዝም ይባላል?› አለኝ። የኔ ልጅ ሱቅ ሰብረሃል ተብሎ ችሎት የቆመው በዚያው ሰሞን ነው። ሊወጋኝ መስሎኝ አመመኝ። ጮህኩበት። ‹ያንተን አይደለም› እያለኝ ወጣ። አልተከተልኩትም፣ እመቤት። ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው፣ በር ድረስ አልሸኘሁትም።»

ሐዳሳ ቡናውን ሳትነካው ተነሣች። መምህሩ ያሳደጉት ልጅ አንድ ነው።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ስድስቱን ደብተሮች አነበበች። የሟቹ ጽሕፈት ድቡልቡል፣ ያለ ስርዝ ነው። ባለ ቀለበቷ ስትተኛ፣ ስታድን፣ የከተማዋን ሐይቅ ትናንሽ ዓሦች በምንቃሯ ስትበሳ፣ ሁሉም በቀንና በሰዓት ሰፍሯል። ሦስተኛው ደብተር ላይ አንድ ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፦ «መርዙ ጡንቻን ያስራል እንጂ አእምሮን አይነካም። የተነደፈው ሰው ይሰማል፣ ያያል፣ መናገር ግን አይችልም። መርዙ እስኪያልፍ ድረስ ሌላ ሰው እየተፈራረቀ በአፉ ትንፋሽ ቢሰጠው ሊድን ይችላል። ዛሬ ለፈትያና ለማቲ አሳየኋቸው፤ ማቲ ቶሎ ገባው።»

የስድስተኛው ደብተር መጨረሻ ደግሞ ይህ ነበር፦ «ወንዱ ከተገናኛት በኋላ ሞተ፤ ተፈጥሮው ነው። በአልኮል እንዲያቆየው ለማቲ ሰጥቼዋለሁ።»

ሐዳሳ በነጋታው ወደ ማቴዎስ ትምህርት ቤት ሄዳ ቤተ ሙከራውን አስከፈተች። ወንዱ ኦክቶፐስ በብልቃጥ ውስጥ ነጥቶ ተቀምጧል። ጭንቅላቱ ሥር በምላጭ የተሰነጠቀ ቀጥ ያለ መሥመር አለ። ውስጡ ባዶ ነው፤ መርዝ የሚያመነጩት የምራቅ ዕጢዎቹ የሉም።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወረደች። ዓሣ የሚገሽልጡት ሴቶች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች እንደ ባለጉዳይ ከኋላቸው ቆመው ቁራጭ ይጠብቃሉ። ጽጌሬዳ የምትባለው ቢላዋዋን ሳታቆም አየቻት።

«ጥሬ ነው ጥብስ?»

«ጥያቄ ነው። መምህር ማቴዎስን ታውቂዋለሽ?»

«ደንበኛዬ ነው። ሰላምታው ረጅም፣ የሚገዛው ትንሽ።» አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ።

«ሐሙስ መጥቶ ነበር?»

«በማለዳ ነዋ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ጥሬ ለሁለት ሰው። ሁልጊዜ ‹ዳጣውን እዚያው አድርጊበት› የሚለው ሰውዬ፣ ያን ቀን ‹ለብቻ ቋጥሪልኝ› አለኝ። ‹አንተ፣ ዛሬ ደግሞ ሙያ ተማርክ እንዴ?› አልኩት። አልሳቀም። ታሞ መስሎኝ ነበር።»

ወደ መምህሩ ቤት ስትመለስ ከጓሮው አጥር ውጪ ዞረች። ቁጥቋጦው ሥር አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ሞቷል። የጎረቤት ዘበኛ ሐሙስ ረፋድ ላይ ወድቆ እንዳገኘው ነገራት። «አጥሩ ሥር ዓሣ ሲለቅም ነበር» አላት። «እነሱ የማይበሉት የለ፣ ምን ገደለው ብዬ ገርሞኛል።»

በመጨረሻ ወይዘሮ ፍቅርተማርያምን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ሰሞኑን ለማቴዎስ የመጣ ደብዳቤ አለ ወይ ብላ። የፖስታ ሳጥኑ የቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው።

«ከውጭ አገር አንድ መጥቶ ነበር። ገብሬ የሱ መስሎት ከፈተው። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፎ ያዘ፣ ምሳም አልበላ። ፖስታውን ግን እኔ ወሰድኩት፣ ጀርባው ላይ የገበያ ጽፌበት…» ከቦርሳቸው አወጡት። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና። በፊት ለፊቱ የአንድ የባሕር እንስሳት ጥናት ተቋም አድራሻ ታትሟል።

ሐዳሳ ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ካፌ ለተቋሙ ጻፈች። መልሱ በሁለት ቀን መጣ።

ስድስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በጥናት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ፍቅርተማርያም በወንድማቸው ወንበር፣ ማቴዎስ ከኋላቸው ቆሞ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳርፎ፣ አቶ ሱሌይማን በሩ አጠገብ። ፈትያ ከፖሊስ ጣቢያ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ልጁ በብርድ ልብሱ ውስጥ ያስላል። ሳጅን ተፈራ አልነበረም።

«ከገንዳው እንጀምር» አለች ሐዳሳ። «ሳጅን ተፈራ የያዘው ታሪክ ይህ ነው፦ መምህሩ በየጠዋቱ እንደሚያደርጉት መስታወቱን ሲወለውሉ ተነከሱ። እስኪ መስታወቱን እዩት። ይህ አረንጓዴ በአንድ ቀን አይበቅልም። የተጠረገችው ይቺ መዳፍ የምታክለው ብቻ ናት። ሌላው የሦስት ሳምንት ግድም ነው። ፈትያ ሃያ ቀን ብላለች።»

«ሽማግሌ ናቸው፣ ሰንፈው ይሆናላ» አለ ማቴዎስ።

«እርስዎ ሳያስታጉሉ ነበር ያሉኝ።»

ማቴዎስ ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ አነሣ።

«ያልነኩት ለምን እንደሆነ ደግሞ እሷ ትነግረናለች።» ሐዳሳ የባትሪ መብራቷን በሲኒዋ አፍ በኩል አበራች። ፍጥረቷ ክንዶቿን አጠበቀች፤ ገላዋ ላይ ሰማያዊ ቀለበቶች ብልጭ ብልጭ አሉ፤ ከሥሯ እንደ ሩዝ ፍሬ የነጡ እንቁላሎች ለቅጽበት ታዩ። ወይዘሮ ፍቅርተማርያም አማተቡ። «እናት ናት። መምህሩ እሷን ከማስደንገጥ ሞት ይሻላቸው ነበር። እጃቸውን አያስገቡም። ቢያስገቡ እንኳ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፤ የረጠበው እጅጌ ግን ቁልፉ አልተፈታም። እጃቸውን ሌላ ሰው ነው የነከረው፤ ከሞቱ በኋላ።»

«ታዲያ በምን ሞተ?» አለ አቶ ሱሌይማን።

«በዚሁ መርዝ። ግን በንክሻ አይደለም፣ በምግብ። ሆዳቸው ውስጥ ጥሬ ዓሣ፣ ጢማቸው ላይ ዳጣ ተገኝቷል። መርዙ ከንፈር ሲያደነዝዝ፣ ዳጣ የለመደ ሰው ቃጠሎው ነው ብሎ ይተወዋል። እትዬ፣ ወንድምዎ ዳጣ ያለበት ምግብ እንዴት ነበር የሚበሉት?»

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ግራ ተጋቡ። «በጨው ውሃው ጣቱ ተሰነጣጥቆ፣ ዳጣ ሲነካው ይቃጠል ነበር። በማንኪያ ነው የሚበላ። ወይም እኛ እናጎርሰዋለን።»

«ፈትያ፣ ስትወጪ ማንኪያና ሳህን?»

«ሁሉንም አጥቤ ደፍቼ ነው የወጣሁት። ስመለስም እንደደፋሁት ነበር።»

«ጣታቸው ዳጣ አልነካም፤ ማንኪያም አልተነሣም። እንግዲህ አጉርሰዋቸዋል። መምህር ገብረየስ ከማን እጅ ነው የሚጎርሱት? ከሠራተኛቸው አይጎርሱም፤ እሷም አትደፍርም፣ ደግሞ ጤና ጣቢያ ነበረች። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። አቶ ሱሌይማን ካፌውን ከፍቶ አሥር ሰው አይቶታል። የቀረው ከእሑድ ወዲህ አላየኋቸውም ያለን፣ ሐሙስ በማለዳ ግን አሞራ ገደል ጥሬ ለሁለት ሰው ገዝቶ፣ ዳጣውን ለብቻ ያስቋጠረው ነው።»

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ትከሻቸው ላይ ያለውን እጅ ቀና ብለው አዩት። እጁ አልተነሣም።

«ዓሣ መግዛት ወንጀል ነው?» አለ ማቴዎስ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ ባዮሎጂ ስንት አምጥተው ነበር?»

«ሲ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ወንዱ ሲሞት ለእርስዎ ተሰጠ። ትምህርት ቤት ያለው ብልቃጥ ውስጥ ዕጢዎቹ የሉም። ሲያወጧቸው ሰው ለመግደል አስበው አይመስለኝም፤ ለጥናት ነበር፣ ማቀዝቀዣዎ ውስጥ አቆይተዋቸዋል። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። መልስ ጽፈውልኛል። የመምህሩ የስድስት ደብተር ሥራ ቃል በቃል ተተርጉሞ በእርስዎ ስም ተልኳል፤ ለትምህርት ተጠርተዋል፣ የጉዞ ቀንዎም ተቆርጧል። ደብዳቤውን የከፈቱት ግን እሳቸው ሆኑ። ሐሙስ ና፣ ቁርስ አብረን እንብላ ሳይሉዎት አይቀሩም። እርስዎም ዕጢዎቹን ለብቻ ባስቋጠሩት ዳጣ ውስጥ ደቁሰው መጡ፤ ሁለታችሁም ከአንድ ላስቲክ በላችሁ፣ በዚያ ዳጣ የተነከረው ግን የእሳቸው ጉርሻ ብቻ ነበር። ዳጣ የነካውን ትርፍራፊ ከአጥሩ በላይ ወረወሩት። አባ ኮዳውን የገደለው እሱ ነው።»

«እስኪሞት የት ነበር?» አሉ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር። «ማቲ፣ ገብሬ እስኪሞት የት ነበርክ?»

ሐዳሳ ልትመልስላቸው አልፈለገችም፤ ግን ማወቃቸው አይቀርም።

«እዚሁ፣ እትዬ። መምህሩ ይሰሙ ነበር፣ ያዩም ነበር። ትንፋሽ ቢሰጣቸው ሊተርፉ ይችሉ ነበር። እንዴት እንደሚሰጥ ደግሞ ራሳቸው አስተምረውታል።»

ያን ጊዜ ሳጅን ተፈራ ገባ። የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ የማቴዎስን ቤት ሲፈትሽ ነው ያረፈደው። በእጁ አንድ የተማሪ ደብተር አለ፤ ቁጥሩ ሰባት።

«ሻንጣው ውስጥ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ከፓስፖርቱ ጋር።»

«እንደማያቃጥሉት ገምቼ ነበር» አለች ሐዳሳ። «ስለ እንቁላሎቹ መምህሩ የጻፉት እዚህ ብቻ ነው ያለው። ቀጣዩን ጽሑፍ ያለ እሱ አይጽፉም። ሲወስዱት ግን ገና አላነበቡትም ነበር፤ አንብበው ቢሆን ኖሮ የሳቸውን እጅ እዚያ ገንዳ ውስጥ አይነክሩም ነበር።»

የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ለራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ረቡዕ። ሃያኛ ቀኗ ሊሆን ነው፤ እንቁላሎቹን በውሃ ታጥባቸዋለች። ነገ ማቲ ይመጣል። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ልከሰው አልችልም። እኔ አርጅቻለሁ፣ የትም አልሄድም፤ እሱ ይሂድበት። ይህንንም ደብተር እሰጠዋለሁ፣ ያለ እሱ ሥራው ጎዶሎ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ሳልጠይቀው በራሱ አፍ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።›»

አቶ ሱሌይማን ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ማቴዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ፤ ወለሉ ላይ።

«ነግሬያቸው ነበር» አለ በቀጭን ድምፅ። «ከወደቁ በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተውኛል።»

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ተነሥተው አጠገቡ ደረሱ። ሊመቱት መስሎ ነበር። ጥቂት አዩትና እሱን በሰፊው ዞረው አልፈው ወጡ።

ፖሊሶቹ ማቴዎስን ይዘው ወጡ። ሳጅን ተፈራ ፈትያ ፊት ቆሞ ቆቡን በእጁ አዟዟረ። «እኅቴ፣ የተፈረመ ቃል ይዤ ነው» አላት። ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። ሐዳሳ የመፈቻ ወረቀቱን ሰጠቻት፤ ብርድ ልብሱንም ያዢው አለቻት።

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም በረንዳው ላይ ጠበቋት። ልጁን ለመቀበል ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ። ውሃ ጥጄልሻለሁ፣ ልጁም ይታጠብ፣ ደረቱን በቅባት እናሸዋለን። የወሩ መጨረሻ ያልኩሽን ርሺው። ቤትሽ ነው።»

ፈትያ ልጁን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገችው።

«እትዬ፣ ሐሙስ ሲወስዱኝ ለእርስዎ ነበር የዘረጋሁት። ‹እሱን እንኳ ይያዙልኝ፣ ጣቢያው ይበርዳል› ብዬ። እጅዎን ከነጠላዎ ውስጥ አላወጡም።»

«ያን ጊዜ እኮ አንቺ… አንቺ የገደልሽው መስሎኝ…»

«ሁለት ዓመት አውቀውኛል።»

ከቤቱ ሁለት ቀሚስና የልጁን ጡጦ በፌስታል ይዛ ወጣች። አቶ ሱሌይማን ካፌው ሥራ እንዳለ ነገራት፤ አመስግናው አለፈች። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ አቆመች። ሾፌሩ ዞሮ ልጁን አየ፣ ፌስታሉን አየ።

«ወዴት ነው፣ እናት?»

ፈትያ የብርድ ልብሱን ጫፍ የልጁ አፍ ላይ እንዳያርፍ አጠፈችለት።

«እነግርሃለሁ» አለችው። «መጀመሪያ ከዚህ ሰፈር አውጣኝ።»